እመቤት የተባለችው ናሙና

ይድረስ ለቀበጡ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ፕሮፌሰር ከተባልኩ ወዲህ ቁመቷ ጨምሯል ብለው ያሙኛል።

ተሳካልን እኮ! ያቺ ስታታክተን የኖረች ፕሮቲን መልኳ ታየ። ፕሮቲን ማለት ረጅም ክር ናት፤ በልኳ ካልተጣጠፈች ሥራዋን አትሠራም። ይቺኛዋ ከእናት ወደ ልጅ የምትወርደው አንዲት እጥፋት ላይ ትስታለች። የእማዬን እጅ መርፌ እንኳ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ያደከመችው እሷው ናት። አሁን ግን ቁልጭ ብላ ተያዘች፤ የያዘቻትም እህትህ ናት፣ ኩራ!

ምስሉ የተገኘው ከአንዲት በጎ ፈቃደኛ ደም ነው። ናሙና ላይ ስም ስለማይጻፍ ተማሪዎቼ «እመቤት» አሏት። ጠዋት ሲገቡ «እመቤት እንዴት አደረች?» ይባባላሉ፤ አብሬያቸው እስቃለሁ።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ ብርዱ ነው። ብልቃጥ መስበር ስላበዛሁም አሁን የምትይዝልኝ ረዳቴ ናት።

አንተም እስኪ ደምህን ተመርመርና ውጤቱን ላክልኝ፤ ለምርምሬ ነው። ደግሞ እንደልማድህ ነገ ዛሬ እንዳትለኝ።

ትናንት አንዷ ተማሪዬ፣ «ምናለ እመቤትን አግኝተን ብናመሰግናት?» አለች።

«ምስጋናሽ ደርሷታል» አልኳት።

ልጆችህን አገላብጠህ ሳምልኝ። እኔ ደግሞ ሁለቱን እጆችህን ስሜያለሁ።

እህትህ