ሞጣ ብርድ የለም

ጥቅምት 6

«ሞጣ ብርድ የለም።»

አባቴ ናቸው። ሱቅ ውስጥ፣ ከግንደወይን ለመጣ ደንበኛ ጋቢ ሲሸጡለት። እኔ ከኋላ ጨርቅ እያጠፍሁ ነበር።

«ብርድ ከሌለ ጋቢውን ምን ላደርገው ነው?» አለ ሰውየው።

«ለክብር።»

ገዛ።

ሐጂ ሙሐመድጣሂር እንደማይዋሹ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሞጣ ብርድ የለም። ከሱሪያቸው ሥር የለበሱት ሌላ ሱሪ ጌጥ ነው። የደረቧቸው ካልሲዎችም። አምና ጥር ላይ ሆስፒታል ያስተኛቸው የሳንባ ምች ደግሞ... ከሙቀት ብዛት ይሆናል።

የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ማሞቂያ፣ ቦይለሩ፣ ዛሬ ሞተ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዴ «ጧ» አለና ዝም። በሕይወት ሳለም የመብራት ካርድ ከመብላት በቀር ሥራ አልነበረውም። ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ መብራት የለም፤ መብራት ሲመጣ ሱብሒ አልፏል።

ሐኪሙ አምና ያለውን አልረሳሁም። «ይህ ሳንባ ሁለተኛ አይችልም። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይነኩ።» አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው መስሎኝ ነበር። ለካ እየተሰናበቱት ነው።

ጥቅምት 7

ገና ሳይነጋ የግቢው ቧንቧ ሲንፎለፎል ሰማሁ። ወጣሁ። አባቴ ቁጢጥ ብለው ውዱእ ያደርጋሉ፤ ለሶላት ይታጠባሉ። እጃቸው ቀልቷል።

«አባ፣ ትንሽ ላሙቅልዎት?»

«እኔ ልታጠብ ብዬ ሰው ከእንቅልፉ አላስነሣም።»

«ተነሥቻለሁኮ!»

«እንግዲያው ተመለሺና ተኚ።»

ወደ መታጠቢያ ቤቱም አይገቡም። ሽንት ቤት ባለበት ክፍል የአላህን ስም አላነሣም ይላሉ። እሺ። ታዲያ ምን ይደረግ? ሙቅ ውኃ ራሱ ወደ ግቢው መውጣት አለበት። ማንንም ሳያስነሣ፣ መብራት ሳይለምን።

ሳስበው ዋልሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ፀሐይ የሙያዬ ክፍል ናት። ከዛሬ ጀምሮ እስከ መጋቢት ሞጣ ላይ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈታ ትውላለች። ሶላር ቦይለር!

ጥቅምት 10

ዕቃው ከደጀን በጭነት መኪና መጣ። የመስታወት ቱቦዎች፣ በላያቸው ትልቅ በርሜል። ጎረቤታችን እትዬ ይርጋነሽ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ አየች።

«ሳብሪዬ፣ ምንድን ነው?»

«ውኃ በፀሐይ የሚያሞቅ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «በፀሐይ? ፀሐይ የመታው ውኃ? ኧረ በማርያም! ምች ነውኮ!»

ምች ውኃን እንደማይመታ አስረዳሁ። ሰውን ነው የሚመታው፣ እሱም ቢሆን...

«ሐጂን አምና ምን መታቸው አለ ሐኪሙ?»

«...የሳንባ ምች።»

«እንግዲህ! ሐኪሙም ያለው ይኸንኑ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ቱቦዎቹን መቁጠር ጀመርሁ። ማታ አንድ እስር ዳማ ከሴ ላከችልኝ፤ በርሜሉ ውስጥ እንድጨምር።

ጥቅምት 13

ሶላር የሚገጥመው አምላኩ የሚባል የቢቸና ሰው ነው። ዛሬ ሊመጣ ነበር። ደወልሁ።

«መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ከኋላው ፍየል ይጮኻል፤ ሰው ዋጋ ይከራከራል።

ጥቅምት 14

መንገድ ላይ ነው።

ጥቅምት 15

መንገድ ላይ ነው። አልዋሸም እኮ። ቢቸና ውስጥ መንገድ አለ፤ እሱ ላይ ነው። የትኛው መንገድ ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው።

ጥቅምት 19

መጣ! ሰውዬው በሕይወት አለ። ትሑት ነው፣ ጥርሱ አይከደንም፣ ሲሠራ ይዘፍናል። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ስመለስ ሶላሩ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ያብለጨልጫል። ዞር ዞር ብዬ አየሁት...

«አምላኩ፣ ለምን ወደ ሰሜን አዞርኸው?»

«ወደ ቂብላ ነው» አለ፣ ዐይኑ በኩራት እየበራ። «የሙስሊም ቤት አይደል? ጀርባዋን ለቂብላ መስጠት ነውር መሰለኝ።»

ምን ይባላል? በዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ነው የምታዘነብለው። የእኛ ሶላር ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ወደ መካ ታያለች።

አባቴ ግን ዐይናቸው ውኃ አቀረረ። «ይኼን ጨዋ ልጅ ማን አሳደገው? እንዳትነካ!»

ጥቅምት 21

ውኃው ለብ እንኳ አላለም።

«አባ፣ ትዙር።»

«ከቂብላ?»

«አባ፣ ሶላር አይሰግድም!»

«በምን ዐወቅሽ? ፍጥረት ሁሉ ለፈጣሪው ይሰግዳል። መምህር አይደለሽም?»

ጥቅምት 23

አባቴ ለቅሶ ሊደርሱ ግንደወይን ሄዱ። አምላኩ ከሞጣ ገና አልወጣም ነበር (መንገድ ላይ ነው)። አስጠራሁት። አዞርነው።

ማታ ተመለሱ። ቀና ብለው አዩ።

«ዞረች።»

«ዞረች፣ አባ።»

«ራሷ?»

«ፀሐይዋን ተከትላ።»

ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ውሸታም አላሉኝም... ወይስ ብለውኛል?

ጥቅምት 24

ሞቀ! ያቃጥላል! መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆዳዬ እስኪቀላ ታጠብሁ። ያለ መብራት፣ ያለ ከሰል፣ ያለ ጭስ። ልዘፍን ምንም አልቀረኝ።

ለአባቴ በማንቆርቆሪያ ቀድቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። ጣታቸውን ነከሩ። አወጡ።

«ሙሸመስ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«በብረት ዕቃ በፀሐይ የሞቀ ውኃ። በልጅነቴ ከኪታብ ተምሬ ቀርቼዋለሁ። ለውዱእ መክሩህ ነው፤ የተጠላ ነው። ለምጽ ያመጣል ተብሏል።»

ከአጥሩ ማዶ ወዲያው ድምፅ መጣ። «አላልሁም? አላልሁም፣ ሐጂ? ምች ነውኮ!»

«ልክ ብለሻል፣ ይርጋነሽ።»

በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ጎረቤታሞች ዛሬ በአንድ ነገር ተስማሙ። በእኔ ሶላር ላይ።

ማንቆርቆሪያውን ጎመኑ ላይ ደፋሁት።

ኅዳር 1

ውርጭ። ጎመኑ ጠቁሯል። አባቴ በግቢው ቧንቧ ታጠቡ። ከላያችን ጣሪያ ላይ አንድ በርሜል ሙቅ ውኃ አለ።

ኅዳር 3

ሳሉ።

ኅዳር 4

ሌሊቱንም ሲስሉ አደሩ። ጠዋት «አቧራ ነው» አሉ። አምናም መጀመሪያ አቧራ ነበር። ቀጥሎ ትንፋሽ ማጠር ሆነ፣ ቀጥሎ ኦክስጅን...

ፈራሁ። ከሳቅሁባቸው ነገሮች ሁሉ ይኼኛው አላሳቀኝም። ሐኪም ቤት እንሂድ ብል «ለአቧራ?» ይላሉ። ወደ ሼህ ሙሐመድያሲን ሄድሁ። ከአባቴ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ኪታብ የቀሩ ናቸው። የሆነውን ነገርኋቸው። ቂብላው ላይ ስደርስ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ስለ ሳሉ ስነግራቸው አቆሙ።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ። መንገድ ላይ ነኝ አላሉም።

ኅዳር 5

ሼሁ መጡ። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«አንተ ሙሐመድጣሂር፣ ሙሸመስ መክሩህ ነው አልህ አሉ።»

«አብረን ቀርተን የለም እንዴ?»

«ቀርተናል። አንተ ግን ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር። ሙቅ አገር ከሆነ ነው የሚለው። ብርድ አገር ከሆነ ችግር የለውም። በል ንገረኝ፣ ሞጣ ሙቅ አገር ነው?»

አባቴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ሙቅ ነው ወይስ ብርድ?»

«ሞጣ ብርድ የለም።»

«እንግዲያው ውኃው መክሩህ ነው። በቀዝቃዛው ታጠብ። እኛም መቃብርህን እናስቆፍር።» ሼሁ በሩን ያዙ።

አባቴ ሳል ያዛቸው። ረጅም ነበር። ሲያበቃ ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ መሬት ነው ያዩት።

«ውርጭ... አለ» አሉ።

«ውርጭ ብርድ ነው?»

«የብርድ ዘመድ ነው።»

«ዘመድ አልጠየቅሁህም።»

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አባባል ይዘው ጋቢ ሸጠዋል። እናቴ በሕይወት ሳለች እሳት ዳር ኑ ብትላቸው መልሳቸው ይኼው ነበር። ፍርድ ቤት እንደ ቆመ ምስክር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሁን። ሞጣ ብርድ ነው።»

ሼሁ አቀፏቸው። እኔ ወደ ጓዳ ሮጥሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አለቀስሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤትም እሺ ብለው ሄዱ። ገና ሳንባቸው አልተነካም አለ ሐኪሙ። መድኃኒት ሰጠን። ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይነኩ።

ኅዳር 8

አምላኩን አስጠራሁ። የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ሙቁን ውኃ እስከ ግቢው ቧንቧ ማድረስ። ሲዘፍን ዋለ። ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ግቢውን አቋርጦ፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። «ይቀበር» ስለው «ሲቀበር ለጥገና ያስቸግራል» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሰ።

«ይኸው፣ መምህርት! ይሞክሩት።»

ከፈትሁ። እጄን ዘረጋሁ። ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ። አልሐምዱሊላህ! አምላኩን መረቅሁት። በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርጋታ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው።

ኅዳር 9

ከሱብሒ ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። «እንዴት ነው ውኃው፣ አባ?»

«ሞቅ ያለ ነው። አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ታኅሣሥ 2

አባቴ ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ «ሞጣ ብርድ ነው፤ በሶላር ታጠቡ» ይላሉ። ጋቢ ከበፊቱ ይበልጥ ይሸጣል።

ጥር 9

ምን ያልተለወጠ አለ? እትዬ ይርጋነሽ ማታ ማታ ከመታጠቢያ ቤታችን ሙቅ ውኃ ልትቀዳ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች፤ ለወገቧ። «ዳማ ከሴው ነው ያከመው» ትላለች። ምች ተረስቷል። አባቴ ካፖርት ገዝተው በአደባባይ ይለብሳሉ። ከኅዳር ወዲህ አንድ ቀን አልሳሉም። ሐኪሙም ባለፈው ሳምንት ሳንባቸውን አዳምጦ «የውኃው ሥራ ነው» አለ። እኔም ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ፀሐይ ኃይል ሳስተምር ቤቴን ምሳሌ አደረግሁ። ትንሽ ኮራሁ... ብዙ ኮራሁ።

ዛሬ ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱ በር ቁልፍ ተሰብሮ አልከፈት አለ። በዚህ ቤት ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተጠግኖ አያውቅም! ውዱእ ላደርግ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣሁ። እዚያ ስታጠብ የመጀመሪያዬ ነው።

ከፈትሁ። አጥንቴ ድረስ ገባ። መጀመሪያ የሚመጣው ቀዝቃዛው ነው ብዬ ቆየሁ። ቆየሁ። አልሞቀም።

አባቴ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ለቀቅሁላቸው። ካፖርቱን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርን፣ እግራቸውን... ሳይቸኩሉ።

«ሞቅ ይላል፣ አይደል?» አሉኝ።

«...ይላል፣ አባ።»

ወደ መስጊድ ሄዱ።

ሲነጋ፣ ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለውን ጥቁር ቱቦ ከግቢው ቧንቧ ጀምሬ በእጄ ተከተልሁት። በጎመኑ ዳር ያልፋል፤ በሶላሩ ቧንቧ ሥር ይሾልካል፤ በአጥሩ ሥር ይወጣና ከመንገዱ የውኃ መስመር ጋር ይገናኛል። ከሶላሩ ጋር አይገናኝም።