ፍሬን የሌለው ተሳቢ ግቢያችን እንዳይገባ

እኔ ኮልም ጊልዴ፣ የሃያ አራት ዓመት ሰው፣ የሜዮ አውራጃው ከብት አርቢ የፌስተስ ጊልዴ ልጅ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኦገስት 19 ቀን 2025 ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ እናዘዛለሁ። ጭንቅላቴ ደህና ነው። ዶክተሯ ሁለቴ ራጅ አንስታው ምንም አላገኘችበትም። አባቴ እዚህ ቁጭ ብሎ "እሱማ ድሮም ምንም የለበትም" አለ። እሱም ይጻፍ። ቀኝ እጄ ስለተሰበረ የሚጽፍልኝ የጎን አልጋው ጋሽ ባርትሊ ነው፤ አርባ ዓመት ፖስታ ያደለ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ዳሌዬን ይከፍቱታል። ከተነሳሁ ጥሩ፤ ካልተነሳሁ የምለው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አደጋው። በዚህ አገር ከኔ የተሻለ ተሳቢ ወደኋላ የሚያስገባ ሰው አልተወለደም። በእርሻ ትርኢት ላይ ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የበላሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ የጣለኝ መንዳት አለመቻሌ አይደለም። በፕላስቲክ የተጠቀለለ እርጥብ ሳር፣ አንዱ ጥቅል ሰባት መቶ ኪሎ፣ አስር ጥቅል፣ ፍሬን በሌለው ተሳቢ ላይ! ትራክተሩን አቆምኩት፣ ተሳቢው ግን አልቆመም። ከኋላ ገፍቶ የድንጋይ ካቡ ላይ ከመረኝ።

መጀመሪያ የተጫነው ስምንት ነበር። ሁለቱን ከላይ የደረብኩት እኔ ነኝ፤ የጎረቤታችን የኪልሮይ ልጆች አጥር ላይ ቁጭ ብለው እያዩኝ ስለነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። አባዬ፣ እንደዚያ አትየኝ።

ሁለተኛ፣ እዚህ በተኛሁ በአምስተኛው ቀን አባቴ ሌላ ተሳቢ ተዋዋለ። አስራ አራት ጥቅል የሚጭን፣ እንደ ባቡር የረዘመ፣ አሁንም ፍሬን የሌለው! ድልድያችን ጋ እንኳን አይዞርም።

"በምን መረጥከው?" አልኩት።

"ጎማውን በእርግጫ መታሁት። ብረቱም ወፍራም ነው።"

"ፍሬንስ?"

"አያቴ በፍሬን ነበር እንዴ ሳር ያመላለሰው?"

"አያትህ በአህያ ነበራ! አህያ እኮ ራሷ ትቆማለች!"

ጋሽ ባርትሊ ሳቀና የተሰፋ ሆዱን ይዞ ተሳደበ።

መልሰው ስለው ደግሞ እጅ ጨብጬ ቃል ሰጥቻለሁ ይለኛል። መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው ተጨባብጠዋል፤ ሻጩም እንደ ደንቡ ለዕድል ብሎ ከዋጋው ላይ ሃያ ዩሮ መልሶለታል። "አሁን እምቢ ብል ከብት ገበያው ውስጥ በምን ፊቴ እቆማለሁ?" አለኝ። ተሳቢው ሐሙስ ይመጣል። አባቴ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ አይነዳም። የምትነዳው እህቴ ሶርቻ ናት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መንገዱም ያው ቁልቁለት ነው።

ሦስተኛ፣ አራቱ ጊደሮቼ የሶርቻ ናቸው። ትሽጣቸውና ተሳቢ ራሷ ትምረጥ። ከትራክተሩ ፔዳል ጋር አብሮ የሚይዝ ፍሬን በሁሉም ጎማ ይኑረው። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ጎማው ረግረጋችን እንዳይውጠው ሰፊ፣ ጎንና ጎኑ ጥቅሉን ደግፎ የሚይዝ ብረት ያለው። ስምንት ጥቅል ብቻ፣ በላዩ ሳይደረብ። ማሳው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለቴ ብትመላለስ ምን ትሆናለች? ሶርቻ፣ ማንም አጥር ላይ ተቀምጦ ቢያይሽ አትጨምሪ።

አራተኛ፣ ዋንጫዎቼን ለማንም አልሰጥም። ይብላኝ ለሚቀጥለው አሸናፊ።

አምስተኛ፣ ውሻዬ ስኪፕ ለአባቴ። ድሮም አብረው ነው ቲቪ የሚያዩት።

ስድስተኛ፣ ከጋሽ ባርትሊ ቀጥሎ ሁለተኛ ምስክር አባቴ እንዲሆን እፈልጋለሁ። እጅ ከጨበጠ ከቃሉ የማይመለስ ሰው ነው፤ እንግዲያው እጁ እዚህ ወረቀት ላይም ይኑር።

ጋሽ ባርትሊ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። "አይሆንም ልጄ። ወራሽ ምስክር ሆኖ ከፈረመ የተናዘዝክለት ይቀርበታል። ፌስተስ፣ ወይ ውሻው ወይ ፊርማው።"

አባቴ የማይታጠፍ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ። በብስጭት ጥርሴን አፋጨሁ፤ ለውሻ ይሄን ያህል የሚያስብ ሰው!

"ውሻው ለሶርቻ ይሁን" አለ።

"ፈርመህ ሐሙስ ተሳቢውን ካስገባኸውስ?" አልኩት።

እያነከሰ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ስልክ ሲያወራ ስለሚጮህ ክፍሉ በሙሉ ሰማው። "ሃያዋን ዩሮ እመልስልሃለሁ... አይ፣ በዋጋው አይደለም... አዎ፣ ንገራቸው። ፌስተስ ጊልዴ ቃሉን አጠፈ ብለህ ለገበያው ሁሉ ንገር!"

ተመልሶ ገባ። "የቱ ጋ ነው የምፈርመው?" አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ጋሽ ባርትሊ፣ አምስተኛውን ሰርዘህ ስኪፕን ለሶርቻ ጻፍ። ዋንጫዎቼንም ለአባቴ ልል ነበር፤ ግን እሱም ምስክር ነው። ከተነሳሁ በእጄ እሰጠዋለሁ።

ኮልም ጊልዴ፣ ሁለት ሰዎች ቆመው እያዩኝ በግራ እጄ ፈረምኩ።

ምስክር፣ ባርትሊ ሩዋን። ሲናገር የሰማሁትን ጻፍኩ፤ ስድቡን ቀንሻለሁ።

ምስክር፣ ፌስተስ ጊልዴ፣ አባቱ። ምንም አልወርስም። ነገ ጠዋት እዚሁ ነኝ።