መስቀሉን «እሺ» ብላ ለምትቀበለው ልጄ

በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ አምኜ፣ ዛሬ ረቡዕ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 2024፣ ለንደን ካሌዶኒያን ሮድ በሚገኘው መኖሪያዬ ተቀምጬ ይህን ቃል የምሰጠው እኔ ብፅዓት ገብረመድኅን ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። የፊታችን ሰኞ የልብ ኦፕሬሽን ቀጠሮ አለኝ። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው፤ ልጆቼ ሦስት ቀን ፈልገው ያጡትን የቁም ሣጥን ቁልፍ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ ያለበትን ነግሬአቸዋለሁ።

ጸሐፊዬ ዲያቆን ሰይፈሥላሴ ነው። ያልሁትን ብቻ እንዲጽፍ፣ ቃሌን እንዳያሳምርልኝ ተስማምተናል።

ቤቱ የካውንስል፣ የመንግሥት ኪራይ ስለሆነ አይወረስም። ጠርጋችሁ ቁልፉን ከምስጋና ጋር መልሱ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ውኃ የገባበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም ጊዲዮን «ለእኔ ተዉልኝ» ብሎ ቦይለሩን የጠገነ ዕለት ነው። የታችኛዋ ጎረቤታችን አልጋ በስብሶ ነበር።

ለዚሁ ለወንድ ልጄ ለጊዲዮን የምሰግድበትን ምንጣፍ ሰጥቼዋለሁ። ልጄ ለጋስ ነው፤ የታመመ ለመጠየቅ የሚቀድመው የለም። ነገር ግን ማኅበር ላይ ጸሎት ከጀመረ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ፈጣሪን ሲያመሰግን እንኳ ስለ ራሱ ማውራቱ አይቀርም። ልጄ፣ ድፍረትህን አልጠላውም። በየማለዳው በዚህ ምንጣፍ ላይ ግንባርህን መሬት አስነክተህ ተነሥ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ያህል ደፋር ሁን።

ለሴት ልጄ ለራህዋ፣ ስሰደድ እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን የወርቅ መስቀል ሰጥቻታለሁ። ይህ ግን ውል አለበት፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በ1994 እ.ኤ.አ. በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጣችና ለቦታው አፕላይ አደረግሁ። ለቃለ መጠይቅ ስገባ «ለዚህ ሥራ ብቁ ነሽ?» አሉኝ። እኔም በደንብ ያደገ ሰው እንደሚለው «ኧረ እኔ ምኔ ይበቃል? ከእኔ አልታየሽ ትሻላለች» አልሁ። አንድ ጊዜ ይለምኑኛል፣ ሁለተኛም ይለምኑኛል፣ በሦስተኛው እሺ እላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አመስግነውኝ የነገርኋቸውን ጻፉ። ቀጥላ የገባችው የሥራ ባልደረባዬ አልታየሽ ብቁ ነሽ ወይ ሲሏት አዎን ብላ ወጣች። ሥራውን አገኘች።

አሥራ አንድ ዓመት አኮረፍኋት። በቅዳሴ ጊዜ እንዳላያት ከዓምዱ ኋላ እቆም ነበር፤ ምእመናኑም እንዴት ያለች ትሑት ሴት ናት ይሉ ነበር። በመጨረሻ አንድ የገና ዕለት በ17 ቁጥር አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሥራውን ፈልገሽው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኋት። «ታዲያ ለምን አላልሽም?» አለችኝ። ትሕትና ብዬ የያዝሁት ነገር ለመለመን የነበረኝ ፍላጎት ነበር፤ ኩራት ነበር። በዚያ አውቶቡስ ላይ አለቀስሁ፤ እርሷም መውረጃዋን አልፋ አብራኝ ሄደች።

እንግዲህ ራህዋ የእኔ ልጅ ናት። ለንደን የተወለዱትን የደብራችንን ሕፃናት ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። አስተማሪዎቹ አንድ በአንድ ሄደው የቀረችው እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ አስተዳዳሪያችን ክፍሉን በኃላፊነት እንድትይዝ ደብዳቤ ጻፉላት። ደብዳቤው ከቦርሳዋ ሳይወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። የፊታችን እሑድ መልስ ካልሰጠች ክፍሉ ይዘጋል። ስለዚህ መስቀሉን የምትወርሰው ኃላፊነቱን ከተቀበለች ነው።

ይህን ሳስጽፍ ራህዋ ሻይ ይዛ ገብታ ሰማችኝ። «እማ፣ እኔ ማን ነኝና? ከእኔ የሚሻል ሰው ይፈልጉ» አለች።

ምስክር ልትሆነኝ መጥታ ከጎኔ የተቀመጠችው አልታየሽ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አየችኝ። እኔም አየኋት።

እመቤታችን መልአኩ ሲያናግራት ራሷን ባሪያ ብላ ጠራች፤ ሌላ ሰው ፈልግ ግን አላለችውም አልኋት። ቀጥዬም «ልጄ፣ አንቺ ብትቀሪ የሚመጣ ሰው የለም፤ ልጆቹ ናቸው የሚቀሩት» አልሁ።

ስልኳን አውጥታ እፊታችን ደወለች። «አባ፣ ራህዋ ነኝ። ልጆቹን እይዛለሁ። እፈራለሁ፣ ግን እይዛለሁ። ይጸልዩልኝ» አለች። ሰይፈሥላሴ ይህም ይጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ በትልቁ ጻፈው አልሁት። ደስታዬን መሸከም አቃተኝ።

ሰኞ ማውለቄ ስለማይቀር መስቀሉን አሁኑኑ አውልቄ አንገቷ ላይ አሠርሁላት። ለአልታየሽም፣ የእንግሊዝ ሕግ ምስክር አይውረስ ስለሚል፣ ለዓመታት ዓይኗን የጣለችበትን ወይን ጠጅ ካፖርቴን ዛሬ ጠዋት አልብሻታለሁ። እንዲህ እያልን ሳልሞት ኑዛዜው ሊያልቅ ነው።

ከሞትሁ ግን በቀብሬ ላይ ትሑት ነበረች ብሎ የሚናገር አይኑር። ከዓምዱ ኋላ ለምን እንደቆምሁ አሁን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ሲጠራት በስተርጅናም ቢሆን አቤት ማለት ለመደች በሉ፤ ይበቃኛል።

ቃሌ ይህ ነው፤ ፈርሜአለሁ። ምስክሮቼ ግን እስካሁን አልፈረሙም። ሰይፈሥላሴ «እትዬ አልታየሽ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል፤ እርሷ አንተ ክህነት አለህ፣ ቅደም ትለዋለች፤ ሻዩም ቀዘቀዘ። ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ።

ተናዛዥ፦ ብፅዓት ገብረመድኅን፣ በገዛ እጄ።

አንደኛ ምስክር፦ አልታየሽ፣ እንደ ልማዴ ቀድሜ።

ሁለተኛ ምስክርና ጸሐፊ፦ ዲያቆን ሰይፈሥላሴ፣ ሁለት ጊዜ ተለምኜ፣ ሦስተኛውን ሳልጠብቅ።