የቮልሴን ታኮ ላስነሡብኝ ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ መርዕድ
የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ሊልበርን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ግቢዎ ሣር ለምለም፣ ማኅበርዎ እንደሚያዘውም በልክ የተከረከመ ይሁንልዎ። እኔ የጥጉ ቤት ሕሩይ ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን የምናገረው ለልጄ ለሣራ ነው፤ አንዲትም ቃል ሳታለሰልስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። ዶራቪል ከተማ በሚገኘው የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የሚለጠፈውም፣ ቅዳሜ በርበሬ ሊገዙ ሲመጡ እንዳያመልጥዎ በማሰብ ነው።

፩ኛ፤ የስድሳ ሰባት ሞዴል ቮልሴን «የማይንቀሳቀስ ተሽከርካሪ» ብለው ስለ ሰየሙልኝ፣ ሰኞም ተጎትታ እንደምትወሰድ ስላበሰሩኝ አመሰግናለሁ። ጉልበት የላትም፣ እሱን አልክድም። ዱሮ ደሴ ሳለሁ የነበረችኝም እንዲሁ ነበረች፤ የሐረጎን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት፣ ባለቤቴ መዓዛ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወርዳ በእግሯ ትቀድመኝና አናቱ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠብቀኝ ነበር። እዚህ ፈረንጅ አገር መጥተን ይህችኛዋን ስማይርና ከተማ ከገዛን በኋላም፣ እርስዎ ቤት ፊት ያለችው ጉብታ ላይ ስንደርስ በሩን ከፍታ ትወርዳለች። «መዓዛ፣ ይቺ እኮ ዳገት አይደለችም» ስላት፣ «ዝም ብለህ ንዳ፣ ቤት እጠብቅሃለሁ» ትለኛለች። እውነትም ቀድማኝ ትገባ ነበር። እንግዲህ ቀስ ማለት አለመንቀሳቀስ ከሆነ፣ ማኅበርዎ የቆሻሻ ገንዳችንን ለመጠገን ሁለት ዓመት ሲፈጅ ማን ሊጎትተው ነበር?

፪ኛ፤ የእጅ ፍሬኗ አይታመንም። ስለዚህ እኔ ሞተር ሳላጠፋ መዓዛ ዱብ ብላ የኋላውን ጎማ በድንጋይ ታኮ ታደርግልኝ ነበር። ድንጋዩን ከወንዝ ዳር የመረጠችው እሷ ናት፤ ከሌላ እንዳይቀላቀልም በጥፍር ቀለሟ ቀይ መስመር አስምራበታለች። እሷ ካለፈች ወዲህ ጎንበስ ብዬ የማደርገው እኔው ነኝ፤ ወገቤ ቢያመኝም ለሌላ ሰው አልሰጥም። ባለፈው ማክሰኞ የላኩት ተቆጣጣሪ ይህንኑ ድንጋይ «ፍርስራሽ» ብሎ መዝግቦ ይዞት ሄደ። እሱስ የዚህ አገር ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። እርስዎ ግን የኮምቦልቻ ልጅ ነዎት። ከጎማ ኋላ ያለ ድንጋይ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ የኮምቦልቻ ልጅ አለ ቢሉኝ አላምንም፤ ወረቀቱ ላይ ግን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ያንገሸገሸኝ ይኸው ነው። ሣራ «ያሳዘነኝ» ልበል ወይ ብላኝ ነበር፤ አይደለም፣ አንገሽግሾኛል።

፫ኛ፤ ድንጋዩ በተነሣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቮልሴ ያለ ነጂ ወደ ኋላ ተንሸራትታ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ የማኅበሩን ሰሌዳ ጥላ አበባው መካከል ቆመች። ሰው ባለመጎዳቱ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግስቱ «ተሽከርካሪዎ ያለፈቃድ ተንቀሳቅሷል» የሚል ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሣራን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ክቡርነትዎ አንዱን ይምረጡ። የማትንቀሳቀስ ከሆነች ሰሌዳውን ማን ጣለው? የምትንቀሳቀስ ከሆነች ደግሞ ጎታቹ ሰኞ ምን ሊሠራ ይመጣል?

የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ መኪናዬን እንዲተዉልኝና የመዓዛን ድንጋይ እንዲመልሱልኝ። እስከዚያው ማኅበርዎ የላከልኝን ማስጠንቀቂያ ሁሉ በገመድ ጠፍሬ ጎማው ሥር አድርጌዋለሁ። ወፍራም ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ የሚጠቅም ደብዳቤ ስለ ጻፉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቆሜ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ አውራ ጣቴን በቮልሴ የሞተር ዘይት ነክሬ በዚህ ወረቀት ላይ ያተምኩ፣ የማኅበርዎ ታዛዥ አባል፣

ሕሩይ፣ የመዓዛ ባል

ተጨማሪ፤ ጣቴን ሳልጠርግ ሣራ ስለ ድንጋዩ ልትጠይቅ ከማኅበሩ ቢሮ ደርሳ ተመለሰች። የቢሮው በር በነፋስ እንዳይዘጋ ድንጋይ ተደርጎበታል፤ ቀይ መስመር አለበት። ክቡርነትዎም በጫማዎ ጫፍ ገፋ አድርገው ሲያስተካክሉት በዓይኗ አይታለች። ለካ ታኮ አልረሱም! ሰኞ ጎታቹ ሳይቀድመኝ በቮልሴ መጥቼ ድንጋዬን አነሣለሁ። በርዎ እንዳይዘጋብዎም የደብዳቤዎን እስር ይዤልዎ እመጣለሁ።