በበረዶ ቀን ያወረዱልኝ ሶላር

ውድ አበ ልጄ አቶ ወንዳወቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የባለቤትዎ የእትዬ ለተሥላሴ እጅስ እንዴት ሆነ? ይህን ለመጠየቅ አፍ እንደሌለኝ አውቃለሁ። ሳልጠይቅ መጀመር ግን አልቻልሁም።

ሰሃላ ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ብዙ ጊዜ ልጽፍልዎ ተነሥቼ ትቼዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ የት ላይ እንደማቆም ስለማውቅ ነው የፈራሁት።

እንደሚያውቁት ያንን የመስኖ ሶላር የገዛሁት በሬዎቼን ሸጬ ነው። ሶላር ለሚተክል ገበሬ መንግሥት ከዋጋው ግማሹን ይመልሳል ሲባል፣ ድጎማው ሲመጣ በሬ መልሼ እገዛለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። ድጎማው የሚፈቀደው ግን ባለሙያ መጥቶ ፓኔሎቹ ቆመው፣ ፓምፑ ውኃ ሲስብ በዓይኑ ሲያይ ነው። እርስዎ ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። «አበ ልጅ፣ ይኼ ማሽንህ ወንዙን ጠጥቶ ሊጨርሰው ነው። ታች ያለነው ምን ልንሆን ነው?» አሉኝ። እኔም «ቅናት ነው» ብዬ መለስሁልዎ። ልጄን ክርስትና ያነሣልኝን ሰው! ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ቀዘቀዘ።

በመጋቢት ባለሙያውን ላመጣ ሰቆጣ ሄድሁ። ባለቤቴ አልጣሽም ሕፃኗን ይዛ እዚያው እናቷ ዘንድ ስለነበረች ቤታችን ተዘግቶ ነበር። ከባለሙያው ጋር በመኪና ስንመለስ በየመንገዱ ዳር ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ማሳዬ ስደርስ ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተነጥፏል። እሱን ቻልሁት። ቀና ስል ግን ብረቱ ባዶውን ቆሟል። ፓኔሎቹ የሉም።

ባለሙያው «ሌላ ቦታ ወስደኸው ይሆን?» አለኝ። እንዳላመነኝ ከፊቱ አየሁ። «ፓኔል ከሌለ ድጎማ የለም። ተራህ ለሌላ ገበሬ ያልፋል» አለ።

ጭቃው ላይ የእግር ዱካ ነበር። ብከተለው እርስዎ ደጅ አደረሰኝ። በሩ ተቆልፏል፤ ብንጣራ የሚመልስ የለም። የቀበሌው ሚሊሻ ሰማኸኝ ደርሶ እጄን ያዘና «ባለቤቱ ይምጣ። አበ ልጅህ አይደለም እንዴ? ቀስ ብሎ የሚታይ ነገር ነው» አለኝ። አልሰማሁትም። «ድሮም ዓይኑ ሶላሬ ላይ ነበር! ወንዳወቅ ሌባ ነው!» እያልሁ ጮኼ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰብሁት። ከዚያም በርዎን በትከሻዬ ገፍቼ ሰበርሁት።

ፓኔሎቹ ከጎተራው ጀርባ ነበሩ። ከኋላዬ የቆመው ሰው «ኧረ ጉድ!» አለ።

አበ ልጄ፣ አሁን የምጽፈውን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርሁም። ፓኔሎቹ በእርስዎ ጋቢ ተጠቅልለዋል። እንዳይጋጩ በመካከላቸው ገለባ ገብቷል። ገመዱ በወጉ ተጠምጥሟል። ብሎኖቹም ተለቅመው በእትዬ ለተሥላሴ ሻሽ ተቋጥረዋል። ሌባ እንዲህ አያደርግም። ያየሁ ጊዜ ወዲያው ገባኝ፤ ከበረዶው አትርፋችሁልኛል። ነገር ግን በሩ ተሰብሯል፣ ስምዎን ጠርቼ ጮኼያለሁ፣ ሰዉ ቆሞ ያየኛል፣ ባለሙያው ሊሄድ ይቸኩላል። ተሳሳትሁ ማለት ከበደኝ። ሻሹን ማንም ሳያየው ኪሴ ከተትሁና ወደ ሰዉ ዞሬ «አላልኋችሁም?» አልሁ።

ፓኔሎቹን መልሰን ሰቀልን። ፓምፑ ውኃ ሳበ፣ ባለሙያው ፎቶ አነሣኝ። በዚያ ፎቶ ላይ እየሳቅሁ ነው።

በማግስቱ እትዬን በበቅሎ ጭነው ከጽጽቃ ጤና ጣቢያ ሲመለሱ ደጅዎ ላይ ጠበቅሁዎት። እጃቸው በጀሶ ታስሯል። እርስዎ አስቀድመው «ደህና ገባህ? የክርስትና ልጄስ ደህና ናት?» አሉኝ። ከዚያ በሩን አዩት።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

በቅሎዋን ያዝ አድርገው ቆሙ። ቀስ ብለው ነገሩኝ። «በረዶው ሲጀምር ከእሷ ጋር ሮጥን። የመጨረሻውን ስናወርድ አዳለጣት። ልቀቂው ብላት እምቢ አለች፤ እጇ ላይ ወደቀች» አሉ። እትዬ ደግሞ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው «ደግሰው፣ ሶላሩስ? ተሰነጠቀ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ዕለት መንደሩን ሰብስቤ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ወሬው በራሱ ይስተካከላል ብዬ ዝም አልሁ። አልተስተካከለም። ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ ሰዎች ገለል ሲሉ አይቻለሁ። እትዬ ሴቶቹ መሀል ሲቀመጡ ንግግር ሲቋረጥ ሰምቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ዕቃችሁን ጭናችሁ ስትወጡ እኔ ማሳው ውስጥ አጎንብሼ የምኮተኩት መሰልሁ።

ባለፈው የሚካኤል ማኅበር ላይ ግን ተነሥቼ «ወንዳወቅ ሶላሬን ከበረዶ ያተረፈልኝ ሰው ነው፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሰዉ አዘነልኝ። «ያላወቀ ሰው ምን ያድርግ፤ ማንም ቢሆን ይሳሳታል» ብለው አጽናኑኝ። እኔም ማጽናናታቸውን ተቀብዬ ተቀመጥሁ። ቤት ስገባ ለአልጣሽ የሻሹን ነገር ልነግራት አስቤ ተውሁት። እሷ ምንም ሳታውቅ «ልጃችን ስታድግ ክርስትና አባቴ የት ነው ብትል ምን እንላታለን?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥሁት።

ድጎማው ጸድቋል። በሬዎቹን ግን አልገዛሁም፤ ልቤ እምቢ አለኝ። ፓምፑን ከቀትር በኋላ አጠፋዋለሁ፤ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል። የእርስዎን ማሳ እኔው እያጠጣሁት ነው። ይህን የምነግርዎ በደሌን እንዲክስልኝ አይደለም፤ ማሳዬ ደርቋል ብለው እንዳይሳቀቁ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ ድንጋይ ተሸክሜ ሰሃላ እመጣለሁ። ሽማግሌ አልልክም፤ በደሉን የሠራሁት እኔው ነኝና እኔው እመጣለሁ። ቢያስገቡኝም ባያስገቡኝም መምጣቴ አይቀርም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እርስዎ ማንበብ ስለማይችሉ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ይኖራል። እባክዎ ቤት ውስጥ፣ ለብቻዎ አያስነብቡት። ሌባ ያልሁዎት በሰው ፊት ነው፤ ወሬውም ሰሃላ ድረስ ቀድሞዎት ደርሷል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰዉ ገና ሳይበተን ያስነብቡት። አንባቢው የሻሹ ነገር ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያድርግ።

የበደለዎት አበ ልጅዎ፣
ደግሰው