ያልሰማሁት ደወል

ሰኞ

እሺ ብዬ አረፍኩት። ጅል ሽማግሌ! አሠሪዬ ሃጃ ጠዋት ሥራ ሲሄዱ፣ የቤት ሠራተኛዋ ጽጌም ገበያ ስትወጣ፣ ባላቸውን ሃጁን እንድጠብቅ ለመኑኝ። ሃጁ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። “አሚ ተክሌ” አሉኝ ሃጃ፣ አጎቴ ማለታቸው ነው፤ “ይህን ሲያቃጭሉ ትገባለህ” ብለው ትንሽ የናስ ደወል ፊቴ ላይ ወዘወዙ። ሳቅሁ። እጃቸው ሲወዛወዝ አየሁ እንጂ ምንም አልሰማሁም።

ጆሮዬ መሄዱን እዚህ ሪያድ ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ ማንም አያውቅም። ወሬ ከከንፈር እለቅማለሁ፤ ያመለጠኝን በቀልድ እሸፍናለሁ። መኪና ሲመጣ በበሩ ስር ጥላውን አያለሁ። የማይሰማ ዘበኛ ማን ይቀጥራል? በሩ ጋ ያለችው ማደሪያዬም ከሥራው ጋር የመጣች ናት። ከወጣሁ ቡሪ ሰፈር፣ ልጄ ቤት፣ የልጅ ልጆቼ እግር ስር ነው የምተኛው።

ማክሰኞ

ወንበሬን ወደ ክፍላቸው መስኮት አዙሬ ሃጁ ላይ ሳፈጥጥ ዋልኩ። እሳቸውም አፈጠጡብኝ፤ እንደ እጮኛሞች። ተሳካ፣ አልሃምዱሊላህ።

ረቡዕ

አትክልት ሻጩ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ ሳበሽቀው ቆየሁ። ስመለስ ጽጌ ከገበያ ገብታ አንሶላ ትቀይራለች። ሃጁ ሽንታቸው አምልጧቸዋል። “አባባ፣ እኔ ከመንገድ ማዶ ሰምቼው!” አለችኝ። ደወሉ ከእጃቸው እስኪወድቅ አቃጭለዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ያን የመሰለ ትልቅ ሰው፣ በኔ የተነሳ! 

ሐሙስ

ሃጃን ጠብቄ “ጆሮዬ አይሰማም” አልኳቸው። ሳቁ! “ወላሂ፣ ተክሌ፣ ደግሞ ጀመርክ?” ባለፈው ለቀልድ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ጓሮውን በዱላ ስዳብስ አስደንግጫቸው ነበር። የእጄን አገኘሁ። ደግሜ ነገርኳቸው፤ ዓይናቸው ከኔ አልፎ ወደ ኋላዬ ሄደ። ዞር ስል ጽጌ ከጀርባዬ ትሪና ማንኪያ ይዛ ታለቅሳለች። ለካ እሰማ እንደሆነ ልታይ ትሪውን ስትደበድብ ቆይታ ኖሯል።

መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሃጃ “ልጄ ሲመለስ ስለ ሥራህ እንነጋገራለን” አሉ። ሲጮኹ ነበር መሰለኝ፣ የአንገታቸው ደም ሥር ተገታትሯል።

ዓርብ

ሃጁ በደህና እጃቸው ለጽጌ እየጠቆሙ ሲባጎ አስመጡ። አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ሌላውን ጽጌ በመስኮት አውጥታ የእጄ አንጓ ላይ አሰረችው። የጎረቤት ዘበኛ አይቶ ጥርሱን አሳየኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ፍየል! ጀርባዬን ሰጠሁት።

ከቀትር በኋላ ተሳብኩ። ሮጬ ገባሁ። ምንም አልፈለጉም፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ወጥቼ ሳልቀመጥ እንደገና ሳቡኝ።

ልጃቸው እሁድ ይገባል። ምን እንደሚል እንጃ። እስከዚያ ሲባጎውን አልፈታውም።