ያልተለወጠው ገጽ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ዓብዲሳ፣ ሰላም ከቤትህ አይራቅ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ጉዴስ? ሞሲሳስ የካምፓላን ትምህርት ለመደው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። እኔ ግን ደህና ነኝ ብልህ ዋሸሁህ ማለት ነው።

ነገሩ ያ መመሪያ ነው። ጤና ጣቢያዎች የሕፃናትን መድኃኒት የሚያሰሉበትን፣ ማንም ሊያርመው የሚችለውን ነጻ ፕሮግራም መመሪያ ወደ ኦሮምኛ ስመልስ፣ አንተ ባስተማርከኝ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ገጾቹን መጽሐፍ ያደርግልኝ ነበር። በየካቲት ከካቺሲ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ዘርትሁን ደወለልኝ። በሠንጠረዡ ላይ የጄንታማይሲን መርፌ መስመር ተዛብቷል፣ ዘጠኝ ኪሎ ያላት ልጅ የሃያ ኪሎውን ትወጋለች፣ ቶሎ አርመው አለኝ።

በዚያው ሰዓት አረምኩት። ትእዛዙን ስሰጥ ማሽኑ ያለ አንዳች ስህተት ጨረስኩ አለኝ። እኔም አምኜው፣ ገጹን እንኳ ሳልገልጥ አትሜ በካቺሲ ሚኒባስ ላክሁት። ዘርትሁን ለሥልጠና ወጥቶ ኖሮ በአሥረኛው ቀን ሲመለስ አየው፤ ገጹ ያው አሮጌው ነው።

የጽሕፈት ሱቄን ዘግቼ ሦስት ቀን ፈለግሁ። ቫይረስ ነው አልኩ፤ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ባረምኩ ቁጥር ያው ገጽ ይመጣል። በመጨረሻ የፋይሎቹን ቀን ጎን ለጎን አየሁ፤ ያረምኩት 2005 ይላል፣ ቀድሞ የተዘጋጀው 2013። ለካ ማሽኑ እንደ አዲስ የሚያዘጋጀው ከመጽሐፉ በኋላ የተጻፈውን ገጽ ብቻ ነው፤ የእኔን እርማት የስምንት ዓመት አሮጌ አድርጎ ዘለለው። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አውጣልኝ ስለሚለኝ፣ ጥር ላይ የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ ዘመን ያደረግሁት እኔው ነኝ። አንተማ ቀኑን አትንካ ብለኸኝ ነበር። የሰው አገር ቀን ቆጥሬ ምን ይረባኛል ብዬ ሳቅሁ።

በእነዚያ አሥር ቀናት እህታችን ሽታዬ ትንሿ ልጇ አቢጊያ አተኩሷት እዚያው ጤና ጣቢያ ወስዳት ነበር። አዲሷ ነርስ በመጽሐፌ አይታ ወጋቻት። ትኩሳቱ ለቀቃት። እሑድ ካቺሲ ስደርስ ልጅቷ በር ላይ ጠጠር ትደረድራለች። ከኋላዋ ጠራኋት፤ አልዞረችም። አጨበጨብኩ፤ አልዞረችም። ሽታዬ ከሕመሟ ወዲህ እልኸኛ ሆናለች፣ ስጠራት እየዘጋችኝ እቆነጥጣታለሁ አለችኝ። እኔ የሰጠችኝን እርጎ ጠጥቼ፣ የመርፌውን ነገር ሳልነግራት ተመለስኩ።

መጻሕፍቱን ዘርትሁን ሰብስቧቸዋል። ልጅቷ ትመርመር፣ መጠኑ የበዛ መርፌ የጎዳው ጆሮ ግን አይመለስም ብሎኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ቅዳሜ ሄጄ ለሽታዬ ሁሉንም እነግራታለሁ። ታባርረኝ ይሆናል፤ ደውላልህ ብታለቅስ እባክህ አትሟገትልኝ። ልጅቷን መቆንጠጥ ከተወች ይበቃኛል።

ጉዴን ሰላም በልልኝ፣ ሞሲሳን ሳምልኝ። አባዬና እማዬ ይመርቁሃል፤ እነሱ ገና አልሰሙም። ለሽታዬ ያልከውን ሰላምታ አደርሳለሁ። የአቢጊያን ግን በአፌ ማድረስ አልችልም፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ጉንጯን እስማታለሁ።

ወንድምህ ለሊሳ
አምቦ፣ መጋቢት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.
(ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር በእጄ ገልብጬ ነው የጻፍኩት።)